ሞተርን ለወሎ ቁልቁለት ማዘጋጀት

ለረጅም መንገድ ሞተር ስለማዘጋጀት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው የጉልበት ነገር ነው። ስንት ሲሲ ነው? ዳገት ይችላል? እኔ ግን ወሎን ለሚዞር ሰው ይህ ጥያቄ ሁለተኛ ነው ባይ ነኝ። ሁለት ሰውና እህል የጫነ 100 ሲሲ ቦክሰር በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ሐረጎን ሲወጣ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ያጓራል፣ ይዘገያል፣ ግን ይወጣል። በዳገት የተሸነፈ ሞተር ቢበዛ ባለበት ይቆማል። በቁልቁለት የተሸነፈው ግን አይቆምም፤ አደጋውም እሱ ነው። ስለዚህ ፍሬኑንም፣ ጭነቱንም፣ ጎማውንም፣ ነዳጁንም የማየው ከቁልቁለት አንጻር ነው።

ወሎ ውስጥ በካርታ ቅርብ የሚመስለው ቦታ በከፍታ ሩቅ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1850 ግድም። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጉጉፍቱ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ይጠብቃል። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲወረድ ደግሞ ከ1000 ሜትር በታች ይገባል፤ እዚያ ሐሩር ነው። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣው ጠመዝማዛም አለ፣ ኩታበርን አልፎ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርደው ገደልም አለ። ጠዋት እጅ የሚያደነዝዝ ብርድ ውስጥ የተነሳ ሞተር ከቀትር በኋላ የቆላ አቧራ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ዝግጅቱ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ከፍሬን እንጀምር፤ ጊዜና ገንዘብ ካጠረም እዚሁ ላይ ይዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ጭነት ያለበት ሞተር ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን እየተያዘ ሲወርድ የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ሙቀት እዚያ መድረሱ አያስገርምም። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እጀታው ምንም ሳይዝ እስከ መሪው ድረስ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ፍሬኑ ብዙ ሥራ ከሠራ በኋላ፣ ማለትም ከቁልቁለቱ ግርጌ አጠገብ ነው። በሜዳ መንገድ ሲሞከር ግን ያው ፍሬን ጤነኛ ይመስላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ከረጅም ጉዞ በፊት ደግሞ መቼ እንደተቀየረ ካልታወቀ ወዲያውኑ መቀየር። ቀለሙ እንደ ሻይ ከጠቆረ ክርክር አያስፈልግም። የታሸገ ግማሽ ሊትር ዶት 4 ለፊትም ለኋላም ይበቃል። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስ ግን ክዳኑ ቢጠብቅም እርጥበት ስለገባበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። አየር ማስወጫው ቪቴ (ትንሿ ቡሎን) ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ ይሰካል፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠለቃል። እጀታው ይጨበጣል፣ ቪቴው ሩብ ዙር ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እጀታው ይለቀቃል፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አየር ተመልሶ ይገባል። ላይ ያለው የዘይት ቋት እንዳያልቅ በየአምስት ስድስት ጭበጣው ይሞላ። በቱቦው ንጹሕ ዘይት ብቻ መውጣት ሲጀምርና አረፋው ሲጠፋ ሥራው አልቋል። ቀለም ላይ የፈሰሰውን ወዲያው በውኃ ማጠብ ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል።

የፍሬን ሸራው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ለሳምንታት ጉዞ መነሳት አይገባም፣ ምንም እንኳ አምራቹ እስከ 1 ወይም 1.5 ድረስ ቢፈቅድም። በኮረኮንች ላይ ጭቃና አሸዋ ሸራውን እንደ ሞረድ ይበሉታል። አንድ ጥንድ የፊት፣ አንድ ጥንድ የኋላ ሸራ በእጅ ተይዞ መሄድ አለበት፤ ክብደቱ ምንም ነው። ከበሮ ፍሬን ያላቸው ሞተሮች ላይ የሚታየው የመጠቆሚያዋ ቀስት ነው፦ ፍሬን ሲያዝ ከምልክቱ ካለፈች ሸራው አልቋል፣ ማጥበቂያውን ማዞር መፍትሔ አይሆንም። ከበሮ ሲሞቅ ደግሞ ይሰፋል፣ ሸራው ከእሱ ይርቃል፤ ስለዚህ በከበሮ ፍሬን የሚወርድ ሰው ከዲስክ ባለቤቱ ይበልጥ ማርሹን መጠቀም አለበት።

የዱሮ ሾፌሮች ደንብ ለሞተርም ይሠራል፤ ዳገቱ በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱ ይወረዳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጎ መልቀቅ የተቆጠበውን ሁሉ በፍሬን ሸራ መክፈል ነው፣ ያውም ነገሩ በሰላም ካለቀ። ሁለት ምት ያላቸው፣ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 እና 175 ያሉት፣ ለብቻቸው መታየት አለባቸው። በማርሽ የመያዝ ኃይላቸው ደካማ ነው፤ በዚያ ላይ ዘይት የሚያገኙት ከነዳጁ ጋር ስለሆነ ጋዙ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱ ፒስተኑ ዘይት ይጠማዋል። ፍሪሲዮን ይዞ በየጥቂት ሰከንዱ ጋዙን ከፈት አድርጎ መዝጋት ያስፈልጋል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፒስተን የሚነክሰው ዳገት ላይ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው።

የማርሽን ኃይል ከፍ ማድረግ ይቻላል፣ በጣም በትንሽ ወጪ። ካቴናውን (ሰንሰለቱን) የሚያዞረውን የፊት ጥርስ በአንድ መቀነስ፣ ለምሳሌ ከ15 ወደ 14፣ ሁሉንም ማርሽ 7 በመቶ ያህል ያሳጥራል። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ለዳገት ነው፤ እኔ የምወደው ለመውረጃው ነው፤ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሲወረድ ያ 7 በመቶ ከፍሬኑ ላይ ሥራ ያነሳል። ጉዳቱ በሜዳ ላይ ኢንጂኑ ትንሽ ከፍ ብሎ መዞሩ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ በአስፋልት የሚመጣ ሰው የ15ቱን ጥርስ ይዞ መጥቶ ኮምቦልቻ ላይ ሊቀይረው ይችላል፤ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም።

ካቴናው ራሱ ሲለካ ጭነቱ ተጭኖ፣ ሰው ተቀምጦበት መሆን አለበት። ብዙዎቹ የጉዞ ሞተሮች በታችኛው መስመር መካከል ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ልቅነት ይፈልጋሉ። ባዶውን ሞተር በመቆሚያው አቁሞ አጥብቆ ማሰር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሻንጣው ሲጫን ኋላው ይወርድና ካቴናው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል፣ ከዚያ የማርሽ ሳጥኑን መውጫ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይበላል። ጎማው እየተዞረ በጣም የጠበቀው ቦታ ይፈለግና ልኬቱ እዚያ ይወሰድ። ውስጡ የጎማ ቀለበት ያለው ካቴና በነጭ ጋዝ ይታጠባል እንጂ በቤንዚን አይታጠብም፤ ቤንዚን ቀለበቶቹን ያደርቃቸዋል። ከታጠበ በኋላ 80 ደብልዩ 90 የማርሽ ዘይት በጨርቅ በስሱ ይቀባ፣ ትርፉ ይጠረግ። ወፍራም ግሪስ የወሎን አቧራ ሰብስቦ ወፍጮ ይሠራል። መለዋወጫ ማያያዣ አንድ ይበቃል፣ ግን ከካቴናው ቁጥር ጋር መግጠሙ ቤት ውስጥ መረጋገጥ አለበት።

አሁን ክብደት። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን እንደሚመዝን የሚነገርለትን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ እያስጠረጉ ነበር ያለፉት። ያንን ገደል ዛሬ በሞተር የሚወርድ ሰው ክብደት በዚያ መሬት ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ቢኤምደብልዩ 1250 ጂኤስ ነዳጅ ሞልቶ 249 ኪሎ ነው፤ ያማሃ ቴኔሬ 700 ከ205 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ሁለት የአልሙኒየም ሳጥንና በውስጣቸው የሚታሸገው ሁሉ በቀላሉ 40 ኪሎ ይጨምራሉ። ጭነት ከ20 እስከ 25 ኪሎ እንዳይበልጥ ማድረግ ይቻላል፤ ወሎ ውስጥ በየከተማው አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ውኃ አለ። ድንኳንና ምድጃ ይዞ መዞር ግዴታ አይደለም።

የምመክረው ፈተና ይህ ነው፦ ሞተሩን ሙሉ ጭነቱን ጭኖ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሣር ላይ ቀስ ብሎ ማስተኛት፤ ከዚያ ብቻን ማንሳት። ጀርባ ሳይታጠፍ፣ በእግር ጉልበት። ደሴ ላይ ያልተነሳ ሞተር ጉጉፍቱ ላይ አይነሳም፤ አየሩ ይሳሳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ካልተነሳ የሚቀነሰው ጭነት ነው። ከባዱ ዕቃ፣ መሣሪያና መለዋወጫ፣ ዝቅ ብሎ ወደ ሞተሩ መሀል ይሁን፤ ልብስና ፎጣ ወደ ላይና ወደ ኋላ። ከኋላ ጎማው አክሰል ወዲያ የተንጠለጠለ ከባድ ሳጥን ቁልቁለት ላይ እያንዳንዱን ኩርባ ያወዛውዛል፣ ከመቀመጫው ሥር ያለውንም ሻንሲ ይሰነጥቃል።

ለስላሳ ሻንጣ ከብረት ሳጥን የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። በጭቃ ውስጥ እግር ሲወርድ ሳጥኑ ከኋላ መጥቶ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፤ ለስላሳው ግን ይተጣጠፋል። ሲቀደድም በየገበያው ሰፊ አለ። ፖርቶመጋላው (ሻንጣው የሚታሰርበት) የግድ ብረት ይሁን፣ አልሙኒየም አይሁን። ብረት በሐይቅም በውጫሌም በመርሳም የሚበይደው ይገኛል፤ አልሙኒየም የሚበይድ ግን በመንገድ ላይ አይገኝም። ብየዳ ሲሠራ የሚሰበረው ቁራጭ ከሞተሩ ላይ ተፈትቶ ለብቻው ቢበየድ ከሁሉ ይሻላል። ካልተቻለ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ኮምፒዩተር ያለው ሞተር ከሆነ የኮምፒዩተሩም ሶኬት ይነቀል። የብየዳው የምድር ሽቦ የሚያዘው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ነው። ርቆ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ያልፍና ኳሶቹን ያቃጥላል።

ጭነቱ ከተወሰነ በኋላ የኋላ አሞርዛተር ይስተካከላል። ኋላ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ከአክሰሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አንድ የተወሰነ ምልክት ይለካ። ከዚያ ጭነቱ ተጭኖ፣ ነጂው በሙሉ ልብሱ ተቀምጦ እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ከኋላ ጎማው ጠቅላላ የላይና ታች እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ያህል መሆን አለበት፤ 200 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከ60 እስከ 70። 600 የነበረው 500 ከሆነ ሞላው ልል ነው፤ ማጥበቂያ ቀለበቱ ይዙር፣ መጨረሻ ድረስ ዞሮም ካልበቃ ሞላው ራሱ ጠንከር ባለ ይቀየር። በቁልቁለት ግን ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊት አሞርዛተርም እኩል ይታይ። ፍሬን ሲያዝ እስከ መጨረሻው ዘልቆ የሚመታ ከሆነ ኩርባ ውስጥ ድንጋይ ሲያጋጥመው የሚታጠፍለት ቦታ አይኖረውም። የአሞርዛተሩ ዘይት ማገጃ ጎማ ማንባት ከጀመረም ጉዳዩ የጽዳት ብቻ አይደለም፤ ያ ዘይት ወርዶ ፍሬን ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው።

ጎማ ላይ ሁለት ነገር ይበቃኛል፤ ልኩ ደሴ ውስጥ መገኘቱና ካላማዳሪው (የጎማው የውስጥ ላስቲክ) ወፍራም መሆኑ። 21 ኢንች የፊትና 17 ወይም 18 ኢንች የኋላ ለጉዞ ሞተር የተለመደ ነው። አንድ ትርፍ ካላማዳሪ ብቻ መያዝ ከተቻለ የ21ዱ ይሁን፤ በችግር ጊዜ ታጥፎ ወደ ኋላ ጎማ ይገባል፣ የኋላው ግን ወደ ፊት አይዘረጋም። ንፋሱ የአምራቹ ጽሑፍ ካለ በእሱ ይሁን፤ ከሌለ ለአስፋልት ከ32 እስከ 36 ፒኤስአይ፣ ለኮረኮንች 26፣ ለጭቃ 22 ግድም። ከዚህ በታች ሲወርድ ጎማው ድንጋይ ላይ ይጨፈለቅና ካላማዳሪው ከቸርኬው ጠርዝ ጋር ተቆንጥጦ ሁለት ቦታ ይቀደዳል። ከፍታ ሲጨመር የውጪው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ያነባል፣ ብርዱ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሁለቱ በከፊል ስለሚጣጣሉ ዳገት በወጡ ቁጥር ንፋስ መንካት አያስፈልግም። ከአስፋልት ወደ ኮረኮንች ሲገባ ግን ያስፈልጋል።

የንፋስ ማስገቢያዋን ዳዶ ቸርኬው ላይ አጥብቆ የሚያስር ጎሚስታ ካለ በትሕትና ማስቆም ነው። በዝቅተኛ ንፋስ ጎማ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ካላማዳሪውን ይዞት ይሄዳል፤ ዳዶዋ ከጠበቀች ማስገቢያዋ ከሥሯ ትነቀላለች። ዳዶዋ ወደ ላይ ወጥታ ከክዳኗ ጋር ብትጠብቅ ግን ማስገቢያዋ ዘመም ስትል በዓይን ይታያል፣ ሳይቀደድ ይደረስበታል። ራጂዎቹ (የቸርኬው ቀጫጭን ዘንጎች) በቁልፍ እየተመቱ ድምፃቸው ይደመጥ፤ እንደ ሌሎቹ የማይጮኸው ልል ነው። የተሰበረ ራጂ ካላማዳሪውን ይወጋዋል። በቆቦና በባቲ በኩል ደግሞ የግራር እሾህ አለ። እሾህ የበሳውን ካላማዳሪ ከመመለስ በፊት የጎማው ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይዳሰስ፤ የተሰበረው ጫፍ እዚያው ተተክሎ ስለሚቀር አዲሱንም በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይበሳዋል።

ለመለጠፍ ካላማዳሪው በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅ፣ ማስቲሹ በስሱ ይቀባ፣ ከዚያ ይጠበቅ። ጣት ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን አምስት ደቂቃ ያህል። ሳይደርቅ የተለጠፈ ሁሉ ቆላ ሲወርድ ይላቀቃል። አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ በሳምንታት ውስጥ ስለሚደርቅ ያልተከፈቱ ሁለት ትናንሽ መያዝ ይሻላል።

ካርቡራቶር ያለው ሞተር ላይ ወሎ አንድ የተገለበጠ ችግር አለባት። ከባሕር ጠለል አካባቢ ወደ ደጋ የሚመጣ ሞተር ነዳጅ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ይሰንፋል፣ ነዳጅ ይበላል። ይህ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። ደሴ ላይ ተስተካክሎ የኖረ ሞተር ግን ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ሲወርድ አየሩ ይወፍርበታል፣ ነዳጁ ያንሰዋል፤ ኢንጂኑ በሐሩር ውስጥ ከልክ በላይ ይግላል፣ ፒስተን ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ዋናውን የነዳጅ ማስተላለፊያ ቀዳዳ አንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ቢነሳ ይመረጣል፣ ጉጉፍቱ ላይ ትንሽ ቢጠቁርም። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ ነጭ ከሆነ ግን መቆም ነው። በኢንጀክሽን የሚሠሩት የአየሩን ግፊት ራሳቸው ለክተው ስለሚያስተካክሉ ይህ ጣጣ የለባቸውም። ጉልበት ግን ሁሉም ያጣሉ፣ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል።

በውኃ የሚቀዘቅዙትም የራሳቸው ነገር አላቸው። ደሴ ከፍታ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል፤ ኢንጂኑን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ደሴ ላይ የሚፈላ ሞተር ኮምቦልቻ ላይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ መካኒኩም ቴርሞስታቱን ሲፈታ ይውላል። ክዳን መቀየር ይቀድማል።

የአየር ፊልትሮ በአቧራ ወቅት በየቀኑ ማታ ይታይ። የስፖንጅ ዓይነት በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ በሳሙናና በውኃ ተለቅልቆ፣ ጥላ ውስጥ ደርቆ፣ ዘይት ጠጥቶ ተጨምቆ ይመለሳል። ቤንዚን ስፖንጁን የያዘውን ማጣበቂያ ያሟሟል። ፊልትሮው የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ስስ ግሪስ ይቀባ፤ አቧራ የሚገባው ብዙ ጊዜ በስፖንጁ ሳይሆን በጠርዙ ነው። የወረቀት ፊልትሮ አይታጠብም፣ አንድ ትርፍ መያዝ ነው። ላዩ ላይ የሴቶች ስቶኪንግ ቢለብስ ትልልቁን አቧራ ያስቀራል፣ ማታ ስቶኪንጉ ብቻ ይታጠባል። ዘይቱም ለሞተር ሳይክል የተሠራ ይሁን። የመኪና ዘይት ውስጥ ያለው ማለስለሻ በዘይት ውስጥ የሚሠራውን ፍሪሲዮን ሊያንሸራትተው ይችላል፤ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ኢንጂኑ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ምልክቱ ያ ነው።

ነዳጅን በተመለከተ ጀሪካን ላይ ብዙ እምነት የለኝም። ማደያዎች በጀሪካን መቅዳት ብዙ ጊዜ ይከለክላሉ፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ስለዚህ ርቀቱ በሳልባትዮው (በነዳጅ ታንከሩ) ውስጥ ይሁን። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ 16 ሊትር የሚይዝ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር የሚበላ ሞተር 320 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛውን ለዳገት፣ ለጭቃና ለደረቀ ማደያ ቀንሱ፣ የሚታመነው 210 ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር፣ ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ በካርታ ላይ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ወልድያ ላይ ነዳጅ ከጠፋ ሂሳቡ ወዲያው ይለወጣል። ግማሽ ሲደርስ መሙላት ነው፣ ወረፋ የሌለበት ማደያ ባጋጠመ ቁጥር።

በመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ሲገዛ ጠርሙሱ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ውኃ ካለው ከታች ይዘቅጣል፣ መስመሩ ይታያል። የመጨረሻው ጣት ያህል ጠርሙሱ ውስጥ ይቅር። ባዶ ሃይላንድ ወገቡ ተቆርጦ ሲገለበጥ መቅጃ ይሆናል፤ አፉ ላይ ሁለት እጥፍ ሻሽ ቢታሰር ቆሻሻውን ያስቀራል። ሌላው ደግሞ ሙቀት ነው። ቤንዚን በየ10 ዲግሪው 1 በመቶ ያህል ይለጠጣል፤ ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ እስከ አፉ የተሞላ 20 ሊትር ባቲ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግማሽ ሊትር ሊተፋ ይችላል፣ ያውም የጋለ ማርሚታ (የጭስ መውጫ) አጠገብ። ከአፉ በታች ሦስት አራት ጣት ክፍት ይተው።

መሣሪያ ሲመረጥ ደንቡ አንድ ነው፤ ሞተሩ ላይ የሌለ ቁጥር ያለው ኪያቤ (የቡሎን ቁልፍ) ቤት ይቅር። በአብዛኛው 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና የአክሰሎቹ ቁጥር ይበቃሉ፤ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሦስት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ የእጅ ፓምፕ፣ ፊውዝ፣ ሽቦ፣ የካላማዳሪ ቁራጭ ለማሰሪያ። ከዚያ በዚያ ጥቅል ብቻ፣ ሌላ መሣሪያ ሳይነካ፣ ሁለቱም ጎማ ቤት ውስጥ ወልቀው ይገጠሙ። የጎደለው ያኔ ይታወቃል። ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድ ከዋናው ጎን ለጎን ተዘርግቶ ጫፉ ታስሮ ይሂድ፤ ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች ማቀያየር ብቻ ይቀራል።

የጎማ ኩሽኔታዎች ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፍ። ኩሽኔታ የሞተሩን ስም አያውቅም፣ ቁጥሩን ነው የሚያውቀው፤ 6203 የተባለው የትም አገር ቢሠራ 17 በ40 በ12 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ማንም ያልሰማውን ሞተር ይዞ ደሴ ኩሽኔታ ቤት ገብቶ ቁጥሩን ቢናገር የሚያገኝበት ዕድል ሰፊ ነው። በቁጥር የሚገዛውንና በስም ብቻ የሚገኘውን መለየት ከዝግጅቱ ሁሉ የበለጠ የሚያስተማምን ሥራ ነው እላለሁ። በስም ብቻ የሚገኘው፣ ማለትም የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፊት አሞርዛተር ዘይት ማገጃ ጎማ፣ ከቤት ተይዞ ይሄዳል። ቡሎን፣ ዘይት፣ ኩሽኔታ፣ የፍሬን ዘይት በመንገድ ይገዛል። የደሴ መካኒኮች ያልተለመደ ሞተር ሲመጣላቸው በፍቅር ነው የሚሠሩት፤ የመጽሐፉን የልኬት ገጾች በስልክ ይዞ መሄድና «ጋሼ፣ ይቺ በዚህ ልክ ነው የምትጠብቀው» ብሎ ማሳየት ያግባባል፣ ማንንም አያስቀይምም።

በሐምሌና በነሐሴ፣ የበልጉም ዝናብ በበረታበት ጊዜ፣ የደላንታና የጃማ ዋልካ ለብቻው ይታሰብ። ጥቁሩ አፈር ሲርስ ጎማውና ዝቅ ያለው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) መካከል ይጠቀጠቅና ጎማውን አስሮ ያቆመዋል። ዝቅ ያለው ፓራፋንጎ በአራት ቡሎን የሚፈታ ከሆነ ቡሎኖቹ ከመነሳት በፊት ተፈትተው ግሪስ ቀምሰው ይመለሱ፣ ጭቃ ውስጥ እንዳይነክሱ። ከጠጠሩ አለመውጣት፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ ደግሞ ፀሐይዋን ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ከማንኛውም ጎማ ይሻላል። የጎን መቆሚያው ጫፍ ላይ እጅ መዳፍ የሚያክል ላሜራ ቢበየድለት በርጥብ መሬት አይሰምጥም።

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና ቦሎ ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ይሁኑ፣ ኮፒያቸው በሌላ ሻንጣ። የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜና ቦታ ስላለ ከመነሳት በፊት በየከተማው መጠየቅ ግድ ነው። ከፀሐይ መግቢያ በኋላ አለመንዳት ይሻላል፤ ከብቱም ጭነት መኪናውም መንገዱ ላይ ነው፣ ከሞላ ሳልባትዮ የሚፈሰው ናፍጣም ኩርባ ላይ በጨለማ አይታይም።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፈተናው ሐረጎ ነው፤ ሙሉ ጭነት፣ ሙሉ ነዳጅ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ። ከመነሳት በፊት የተነኩት ቡሎኖች ሁሉ ላይ ከቡሎኑ ወደ ሻንሲው የሚሻገር ቀጭን የቀለም መስመር ይሠመር፤ የተፈታ ቡሎን መስመሩ ሲሰበር ይታያል። ኮምቦልቻ ሲደረስ ሞተሩ እንደቆመ የፊት ፍሬን እጀታ ተጨብጦ ለአንድ ደቂቃ ይያዝ፤ ቀስ እያለ ወደ መሪው የሚጠጋ ከሆነ ፍሬኑ ውስጥ የሚያፈስ ማገጃ ጎማ አለ። በዲስኮቹ ላይ የውኃ ጠብታ ይጣል። የፊቱ ቢያፍለቀልቅ ያለ ነው፤ የኋላው አፍልቶ የፊቱ ካላፈላ ግን ነጂው በእግር ፍሬን ብቻ ነው የወረደው፣ መልመድ ያለበት ሌላ ነው። ከዚያ ካቴናው ይለካ፣ የጭነቱ ጠፍር ይጠበቅ፣ ዘይቱ ይታይ። ወደ ደሴ ሲወጣ ፍሪሲዮኑ በሦስተኛ ማርሽ ጋዙ ተከፍቶ ይሞከር። ማታ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራጂዎቹ እንደገና ይመቱ፣ በተለይ ቸርኬው አዲስ ከተሠራ፤ ከመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር በኋላም አንድ ጊዜ።